«ያልታየ ልብ ጤነኛ ነው» ለሚሉን

በትናንሽ አውሮፕላን የሚበሩ ሰዎች ሲገናኙ ከአየር ጠባይና ከነዳጅ ዋጋ ቀጥሎ የሚነሣው ወሬ ሜዲካል ነው። ሜዲካል የሚሉት የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር፣ በአጭሩ ኤፍኤኤ፣ የሚሰጠውን የጤና ምስክር ወረቀት ነው። ወሬው ዞሮ ዞሮ አንድ ምክር ላይ ያርፋል፦ «ልብህን አታስመርምር። ኢሲጂ ተነሣ፣ ትሬድሚል ላይ ውጣ፣ ካልሲየም ስካን አድርግ ቢሉህ እምቢ በል። ያልታየ ልብ ጤነኛ ነው።» አስተማሪው ለተማሪው፣ አንጋፋው ለጀማሪው ያቀብለዋል። የሰማውም ማን እንዳለው፣ ከየት እንዳመጣው ሳይጠይቅ ለሚቀጥለው ያስተላልፋል።

ቶርንተን ለሚኖር ሰው ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም። ከተማዋን በአንድ በኩል ብሩምፊልድ ያለው የሮኪ ማውንቴን ሜትሮፖሊታን፣ በሌላ በኩል ታላቁ የዴንቨር ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ መሃል አስገብተዋታል። ቅዳሜ ጠዋት ሰማይዋ ከሴስናና ከፓይፐር ድምፅ አያርፍም። በዴንቨርና በአውሮራ ከሰፈረው የኛ ሕዝብም ታክሲና ከባድ መኪና ነድቶ ባጠራቀመው ገንዘብ የልጅነት ሕልሙን ሊያሳካ መሪ የሚጨብጥ አለ። «ስታድግ ምን ትሆናለህ?» ሲባል ግማሽ ክፍሉ «ፓይለት» ብሎ የሚጮህበት አገር ልጆች ነንና አይገርምም። ምክሩም እነዚህ ሰዎች ዘንድ ሲደርስ ባዕድ አይሆንባቸውም። የከባድ መኪና ሹፌሮቻችን የዲኦቲ የጤና ካርዳቸውን ሊያሳድሱ ሲሉ እርስ በርስ የሚለዋወጡት ምክር የዚሁ ወንድም ነው።

ይህን ምክር እቃወማለሁ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለውን ተረት ጠቅሼ ግን አልገላገልም። ተረቱን ምክር ሰጪዎቹም ያውቁታል፤ መልሳቸውም ምላሳቸው ጫፍ ላይ ነው፦ «መድኃኒቱ ፈቃዴን ከነጠቀኝ ምን ያደርግልኛል?» ስለዚህ ክርክሩ እነሱ በመረጡት ሜዳ፣ በፈቃዱ ጉዳይ ላይ ይሁን። ምክሩ ለልብ መጥፎ መሆኑን ማንም ያምናል። እኔ የምለው ለወረቀቱም መጥፎ ነው።

መጀመሪያ እውነት ያላቸውን ልስጣቸው፤ ጥቂት አይደለምና። ለግል አብራሪ የሚሰጠው የሦስተኛ ደረጃ ሜዲካል ኢሲጂ፣ የልብን ኤሌክትሪክ በወረቀት ላይ የሚያሰፍረውን ምርመራ፣ አይጠይቅም። ኢሲጂ ግዴታ የሚሆነው የአየር መንገድ ካፒቴኖች በሚይዙት የአንደኛ ደረጃ ላይ ነው፤ 35 ዓመት ሲሞላ አንድ ጊዜ፣ ከ40 በኋላ በየዓመቱ። የግል አብራሪውን የአቪዬሽን ሐኪሙ በማዳመጫ ያዳምጠዋል፣ ደም ግፊቱን ይለካል፣ ከ155 በ95 ካልበለጠ ያሳልፈዋል። ከዚህም ሌላ የአሜሪካ የመከላከል ሕክምና ግብረ ኃይል እ.ኤ.አ. በ2018 (ከዚህ በታችም ዓመቱ ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ነው) ምንም ምልክት የሌለውንና የልብ በሽታ ስጋቱ ዝቅተኛ የሆነውን ሰው በኢሲጂ መመርመር አያስፈልግም ብሏል። ምክንያቱም የውሸት ደወል ነው። ጤነኛውን ሰው ስትመረምረው ወረቀቱ ላይ አንድ ያልተለመደ መስመር ይወጣል፤ መስመሩን ለማጣራት ሌላ ምርመራ፣ ያንን ለማጣራት ደግሞ ሽቦ በደም ሥር እስከ ልብ ማስገባት ይመጣል።

የውሸት ደወሉ እኛ ላይ ደግሞ ሊብስ ይችላል። በጥቁር ስፖርተኞች ኢሲጂ ላይ ከደረት ፊት ባሉት መስመሮች የሚታይ፣ በሌላው ሰው ቢሆን ሐኪም የሚያስደነግጥ ቅርጽ አለ። በ2017 የወጣው ዓለም አቀፍ የስፖርተኞች ኢሲጂ መስፈርት ይህን እንደ ጤናማ ልዩነት መዝግቦታል። ኤፍኤኤም ራሱ መስመሩን ያንቀሳቅሳል። የልብ ኤሌክትሪክ ከላይኛው ክፍል ወደ ታችኛው ለመድረስ የሚፈጅበት ጊዜ ከ0.2 ሰከንድ ሲዘል ማብራሪያ ይጠየቅበት ነበር፤ በጥቅምት 2022 እስከ 0.3 ሰከንድ ድረስ ሌላ ችግር ከሌለ እንደ ጤናማ ይታይ ተባለ። ያን ጊዜ ለውጡን በመቃወም ስንቱ ጮኸ! ትናንት ጥያቄ ያስነሣ የነበረ ልብ ዛሬ ያለ ጥያቄ ያልፋል። እንግዲህ አብራሪው ኢሲጂን በጥርጣሬ ቢያይ ምን ይፈረድበታል?

ይህ ሁሉ እውነት ነው። ምክሩ ግን እዚህ አይቆምም። ግብረ ኃይሉ የተናገረው ምንም ስለማይሰማውና ስጋቱ ዝቅተኛ ስለሆነ ሰው ነው። ምክር ሰጪው ዕድሜ አይጠይቅ፣ ስለ ስኳር አይጠይቅ፣ አባትህ በስንት ዓመቱ በድንገት ሞተ አይል። ለ28 ዓመቱ ተማሪ የሚሰጠውን ምክር፣ ደረጃ ሲወጣ ትንፋሽ ለሚያጥረው የ57 ዓመት ሰው እንዳለ ያቀርብለታል። አንድ ትክክለኛ የሕክምና ምክር ከባለቤቱ ተነጥቆ፣ ቅድመ ሁኔታው ተቆርጦ ተጥሎ፣ የፍርሃት መሸፈኛ ሆኗል።

አሁን ወደ ሕጉ እንግባ። የምክሩ ሕጋዊ መሠረት ተብሎ የሚነገረው «የማላውቀውን አልጠየቅበትም» የሚል ነው። የአቪዬሽኑ ደንብ አንቀጽ 61.53 ግን አብራሪው የጤና ጉድለት እንዳለበት «ካወቀ» ብቻ ሳይሆን «ማወቅ የሚገባው ምክንያት ካለው» ጭምር አትብረር ይላል። ይህች ሁለተኛ ሐረግ የምክሩን ወገብ ትሰብራለች። ዳገት ላይ ደረቱ የሚጨመድደው ሰው ምርመራ ስላላደረገ አላወቀም አይባልም። ማወቅ የሚገባው ምክንያት ደረቱ ውስጥ አለና። ሳይመረመር የበረረባት እያንዳንዷ ሰዓት፣ ሕጉን በጥብቅ ላነበበው፣ በጥፋት የተመዘገበች ሰዓት ናት። የአውሮፕላን መድን ድርጅቶች ደግሞ ሕግን በጥብቅ ለማንበብ ሰነፍ ሆነው አያውቁም።

ምርመራው ራሱ ምን ያደርጋል? በራሱ ምንም አያደርግም። ዛሬ ዴንቨር ውስጥ ከግል ሐኪማችሁ ዘንድ ያደረጋችሁት የልብ ምርመራ ነገ ኦክላሆማ ሲቲ ባለው የኤፍኤኤ የሕክምና ክፍል ጠረጴዛ ላይ አይወድቅም። የሚደርሰው በሚቀጥለው ማመልከቻ ላይ እናንተው ስትጽፉት ነው። ማመልከቻው፣ ቅጽ 8500-8፣ ሜድኤክስፕረስ በሚባለው ድረ ገጽ ይሞላል። 18ኛው ጥያቄ በሕይወት ዘመናችሁ የልብ ወይም የደም ሥር ችግር ገጥሟችሁ እንደሆነ፣ 19ኛው በ3 ዓመት ውስጥ የትኛው ሐኪም ዘንድ እንደሄዳችሁ ይጠይቃል። ሜዲካሉ የሚያገለግለው ከ40 ዓመት በታች ለሆነ 60 ወር፣ ለሌላው 24 ወር ነው። ይህ ረጅም ጊዜ ነው። በዚህ መሃል ተመርምሮ መጥፎ ውጤት ያገኘ ሰው በራሱ ፈቃድ ከመብረር ይታቀባል፤ ይታከማል፣ ወረቀቱን በሥርዓት ይሰበስባል፣ ልቡ ሲረጋጋ ሙሉ ዶሴ ይዞ ያመለክታል። እስከዚያ ድረስ ማንም ምንም አልነጠቀውም፤ ምንም አልከለከለውም። የልብ ደም ቧንቧ በሽታ ሕክምና ካስፈለገው ወይም ምልክት ካሳየ ደንቡ ላይ በስም ከተጠቀሱት ከልካይ ሕመሞች አንዱ መሆኑ አይካድም። ግን እዚያው ደንብ ውስጥ ልዩ ፈቃድ የሚባል በር አለ፤ ስቴንት የገባላቸው፣ ባይፓስ የተሠሩ፣ ቫልቭ የተቀየረላቸው አብራሪዎች በዚያ በር ገብተው ዛሬም ይበራሉ።

ምክሩን የሰማውስ? ሳይመረመር፣ ትንፋሹ እያጠረው፣ ሜዲካሉ ሊያልቅ አንድ ሳምንት ሲቀረው ቅጹን ሞልቶ ይሄዳል። ሐኪሙ ድረ ገጹ የሚሰጠውን የማረጋገጫ ቁጥር ተቀብሎ ማመልከቻውን ከከፈተው ወዲያ «ትቼዋለሁ» ብሎ መመለስ የለም። ወይ ይሰጣል፣ ወይ ይከለከላል፣ ወይ ወደ ኦክላሆማ ይላካል። ማዳመጫው የተዛባ ምት ከሰማ ይላካል። ከኦክላሆማ ደብዳቤ ይመጣል፦ የሆስፒታል መዝገብ፣ ኤኮ (የልብ አልትራሳውንድ)፣ ስትረስ ቴስት (በትሬድሚል ላይ የሚደረግ የልብ ምርመራ)፣ የልብ ሐኪም ሪፖርት በ60 ቀን ውስጥ። የልብ ሐኪም ቀጠሮ ለማግኘት ብቻ ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ ለምታውቁ አልነግራችሁም። ወረቀቱ ካልደረሰ መልሱ ክልከላ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ማለት ይህ ነው።

ክልከላው ደግሞ አንዱን በር ብቻ አይዘጋም። ከግንቦት 2017 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው ቤዚክሜድ የሚባል ሌላ መንገድ አለ። ከሐምሌ 14 ቀን 2006 በኋላ ሜዲካል ይዞ የነበረ ሰው በየ4 ዓመቱ በማንኛውም ፈቃድ ባለው ሐኪም ተመርምሮ፣ በየ2 ዓመቱ በኢንተርኔት ትምህርት ወስዶ ይበራል። የ2024ቱ ሕግ አሰፋው እንጂ አላጠበበውም፤ ዛሬ እስከ 12,500 ፓውንድ በሚመዝን አውሮፕላን እስከ 6 መንገደኛ መጫን ይቻላል። የልብ ድንገተኛ ሕመም የደረሰበት ወይም ስቴንት የገባለት ሰው ወደዚህ ለመግባት የሚያስፈልገው ልዩ ፈቃድ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ከኦክላሆማ ጋር በየዓመቱ መጻጻፍ ቀረ። የመጨረሻ ማመልከቻው የተከለከለ ሰው ግን ቤዚክሜድ አይገባም። በመንጃ ፈቃድ ብቻ የሚበረውን የስፖርት አብራሪነትም አያገኝም፤ ያውም ከጥቅምት 2025 ወዲህ የስፖርት አብራሪ የሚያበራቸው አውሮፕላኖች ዓይነት በጣም በሰፋበት ዘመን። ተመርምሮ፣ ታክሞ፣ ተዘጋጅቶ የመጣው ሦስቱም በር ይከፈትለታል። ተደብቆ የመጣው በአንድ ጠዋት ሦስቱንም ያጣል። ምክር ሰጪዎቹ ይህን ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም፤ ጥፋቱን ሁሉ ምርመራው ላይ ይለጥፉታል።

መዋሸትን እንደ ሦስተኛ መንገድ የሚያዩም አሉ። ቅጹ ላይ ያለው ማስጠንቀቂያ እስከ 250,000 ዶላርና እስከ 5 ዓመት እስር ይላል። ባዶ ማስፈራሪያ አይምሰላችሁ። በ2000ዎቹ አጋማሽ መንግሥት የአካል ጉዳት ድጎማ ተቀባዮችን መዝገብ ከአብራሪዎች መዝገብ ጋር አስተያይቶ በሰሜን ካሊፎርኒያ ብዙ ሰው ከሰሰ። ከነዚህ አንዱ «የግል መረጃዬ ያለ አግባብ ተሰጠብኝ» ብሎ ያቀረበው አቤቱታ በ2012 እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ «ለመንፈስ ጉዳት ካሳ አይገባህም» ተብሏል። በ2023 ደግሞ ከጦር ሠራዊት የወጡ ወደ 5,000 የሚጠጉ አብራሪዎች በተመሳሳይ ምክንያት ምርመራ ላይ መሆናቸው ተሰማ። ኮምፒውተር ከኮምፒውተር ጋር ማውራት ከጀመረ ሰነበተ።

ዴንቨር ለዚህ ክርክር የራሷ ታሪክ አላት፤ ከአውሮራ ሰዎች ብዙዎቹ ታሪኩ በተፈጸመበት ቦታ አጠገብ በየቀኑ ያልፋሉ። መስከረም 1955 ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ዕረፍት ላይ ነበሩ፤ ያረፉትም ዴንቨር፣ የባለቤታቸው ቤተሰብ ቤት ነው። እኚህ ሰው የአብራሪ ፈቃድ በማውጣት ከአሜሪካ ፕሬዚዳንቶች የመጀመሪያው ናቸው፤ የግል አብራሪ ፈቃዳቸውን ያገኙት በ1939 ፊሊፒንስ ሳሉ ነው። መስከረም 23 ቀን ቼሪ ሂልስ በሚባለው ክለብ ጎልፍ ሲጫወቱ ዋሉ። ምሳቸው ሀምበርገር በሽንኩርት ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ሆዳቸውን ረበሻቸው። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ የደረት ሕመም ቀሰቀሳቸው። የግል ሐኪማቸው ሃዋርድ ስናይደር መጡ። ሲነጋ ለጋዜጠኞች የተነገረው ፕሬዚዳንቱ የምግብ አለመፈጨት እንደገጠማቸው ነው። የኢሲጂ መሣሪያው ደረታቸው ላይ የዋለው ከቀትር በኋላ፣ ሕመሙ ከጀመረ ከ10 ሰዓት በላይ ቆይቶ ነው። ወረቀቱ ሲወጣ ነገሩ ሆድ አልነበረም፤ የልብ ጡንቻ ነበር። ወዲያው አውሮራ ወደሚገኘው ፊትዝሲመንስ የጦር ሆስፒታል ተወሰዱ። ያ ግቢ ዛሬ አንሹትዝ የሕክምና ካምፓስ ይባላል።

ስናይደር ተሳስተው ነው ወይስ ሆን ብለው ደብቀው ነው የሚለው ታሪክ ጸሐፊዎችን እስካሁን ያከራክራል። እኔን የሚስበኝ የሕመሙ ስም ነው። እኛ ዘንድ ከእምብርት በላይ ያለ ሕመም ሁሉ ጨጓራ ነው። ደረት ሲያቃጥል ጨጓራ፣ ግራ ክንድ ሲደነዝዝ «ጨጓራዬ ወደ ላይ ወጥቶብኝ»፣ ላብ ሲያጠምቅ «ዛሬ በርበሬ አብዝቼ»። ተልባ ይበጠበጣል፣ አብሽ ይጠጣል፣ ጠዋት ሥራ ይገባል። ከሁለት ሰዓት በረራ ወርዶ ደረቱን እያሸ «ቁርስ ሳልበላ ስለበረርኩ ነው» የሚል ሰው ውሸታም አይደለም፤ የተማረው የሕመም ስም ይኸው አንድ ብቻ ነው። «አትመርመር» የሚለው ምክር ደግሞ እንዲህ ያለ ሰው ጆሮ ሲገባ አዲስ ነገር አያስተምረውም፤ የነበረውን ልማድ የአቪዬሽን ማኅተም ይመታበታል።

አይዘንሃወር ከተመረመሩ በኋላ የሆነውን ግን ምክር ሰጪዎቹ ልብ አይሉም። ከቦስተን የመጡት የልብ ሐኪም ፖል ደድሊ ዋይት ሁሉንም ለሕዝብ ዘርዝረው ነገሩ፤ ፕሬዚዳንቱ ከመፀዳጃ ቤት ጋር ያላቸውን ጉዳይ እንኳ አልተዉም። ሰኞ ዕለት የኒውዮርክ የአክሲዮን ገበያ ከ6 በመቶ በላይ ወደቀ። ሰውዬው ግን ኅዳር 11 ቀን ከሆስፒታል ወጡ፤ በየካቲት ዋይት መሥራት ይችላሉ አሉ፤ በቀጣዩ ኅዳር እንደገና ተመረጡ፤ የሞቱትም በ1969 ነው። በዚያ ዘመን ስቴንት የለ፣ ባይፓስ የለ፣ ዛሬ በየፋርማሲው የሚሸጠው የኮሌስትሮል ክኒን የለ። ሹመታቸውን ሊያሳጣቸው ተቃርቦ የነበረው ምርመራው ነው ካልን፣ ያተረፋቸውም እሱ ነው።

የጠፈር ተጓዡን ዲክ ስሌይተንን የሚጠቅሱልኝ አሉ። በ1959 በልምምድ ላይ የልብ ምቱ መዛባት ታወቀ፣ በ1962 ከጠፈር በረራ ታገደ፣ ጓደኞቹ ጨረቃ ሲረግጡ እሱ ቢሮ ተቀመጠ። «ምርመራው ነው የበላው» ይላሉ። ታሪኩን እስከ መጨረሻው ቢያነቡት ግን በ1972 የበረራ ፈቃዱን ያስመለሰለትም እንደገና በጥልቀት መመርመሩ ነበር፤ በሐምሌ 1975 በአፖሎና ሶዩዝ ጉዞ ወደ ጠፈር ወጣ።

ብዙ ሰው የሚፈራው ስትረስ ቴስቱን ነው፤ ስለዚህ ምን እንደሆነ ቀረብ ብለን እንየው። ሸሚዝ ይወልቃል፣ ደረት ላይ ፀጉር ካለ ይላጫል፣ 10 ሽቦ ይለጠፋል፣ ክንድ ላይ የደም ግፊት መለኪያ ይጠመጠማል። ትሬድሚሉ በሰዓት 2.7 ኪሎ ሜትር፣ 10 በመቶ ዳገት ይጀምራል። ይህ ቡና ለመጥራት ጎረቤት የሚሄድ ሰው ርምጃ ነው። በ3ኛው ደቂቃ ወደ 4 ኪሎ ሜትርና 12 በመቶ ይወጣል፤ ወሬ ይቆማል። በ6ኛው ወደ 5.5 ኪሎ ሜትርና 14 በመቶ፤ አሁን ጭን ይናገራል፣ ነርሷ «ደህና ነህ?» ስትል መልሱ ጭንቅላት መነቅነቅ ብቻ ነው። ኤፍኤኤ ከ70 ዓመት በታች ካለ ሰው የሚፈልገው 9 ደቂቃ፣ ማለትም ይህን ሦስተኛ የፍጥነት እርከን መጨረስ ነው፤ ከ70 በላይ ለሆነ 6 ደቂቃ ይበቃል። ልቡም በዕድሜው ወደሚጠበቀው ከፍተኛ ምት መጠጋት አለበት፤ ለ58 ዓመት ሰው በተለመደው ስሌት ይህ 162 ነው።

እዚህ ላይ ነው ምክሩ በቀጥታ ፈቃድ የሚያስበላው። ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ሲነዳ ለ20 ዓመት የኖረ ሰው 7ኛው ደቂቃ ላይ ሊወርድ ይችላል፤ ልቡ ታሞ ሳይሆን እግሩ ለምዶ ስለማያውቅ። ይህን የሚያውቀው ኤፍኤኤ ባስገደደው ቀን ከሆነ፣ ያልተሟላው ምርመራ ዶሴው ውስጥ ይገባል። ቀደም ብሎ ከሐኪሙ ዘንድ ያወቀው ግን ካርፔንተር ፓርክን በየማታው ፈጠን ብሎ ይዞራል፣ በ3 ወር ውስጥ 9ኙን ደቂቃ ያልፋል።

ከፍታውንም አንርሳ። ዴንቨር አንድ ማይል ከፍታ ላይ ናት፤ እዚያ 9 ደቂቃ መራመድ ባሕር ጠርዝ ላይ ከመራመድ በመጠኑ ይከብዳል። «እኛ የደጋ ልጆች ነን፣ አዲስ አበባ ከዴንቨር በ700 ሜትር ትበልጣለች» የሚል ኩራት አለ። ቁጥሩ እውነት ነው፤ የጠበበ የልብ ደም ቧንቧ ግን የትውልድ ቦታ አይጠይቅም። ከቶርንተን ወደ ምዕራብ የበረረ ሰው በግማሽ ሰዓት ውስጥ ከ14,000 ጫማ በላይ የሚረዝሙ ተራሮች ፊት ይቆማል። ደንቡ ከ12,500 ጫማ በላይ ከ30 ደቂቃ ለበለጠ በረራ ለአብራሪው ኦክሲጅን ያዛል፤ ከ14,000 በላይ ሁልጊዜ። ኦክሲጅን ሲያንስ ልብ ፈጥኖ በመምታት ያካክሳል፤ የሚያካክሰው ቧንቧው እስከፈቀደለት ድረስ ነው። ጥያቄው ልባችሁ ይመረመራል ወይስ አይመረመርም የሚል አይደለም። ሮኪ ተራራ ያለ ነርስና ያለ ሽቦ ይመረምረዋል።

ከአሜሪካ አብራሪዎች ወሬ ፈጽሞ የሚቀር የኛ ጉዳይም አለ። እነሱ «ልብ» ሲሉ የሚያስቡት ኮሌስትሮልና የተደፈነ ቧንቧ ነው። በኛ አገር የስንቱን ልጅ ልብ የጎዳው ግን የጉሮሮ ሕመም ነው፤ ያልታከመ ቶንሲል ሩማቲክ ሆኖ ቫልቭ ያጠፋል። ዶክተር በላይ አበጋዝ የኢትዮጵያ ሕፃናት የልብ መርጃ ማኅበርን ያቋቋሙትና በጥቁር አንበሳ ግቢ የልብ ማዕከሉ የቆመው በዚህ ምክንያት ነው። በልጅነቱ «መገጣጠሚያዬን ያመኛል» እያለ ያደገ፣ ዛሬ 45 ዓመት የሞላው ሰው ደረቱ ላይ የቫልቭ ድምፅ ሊኖር ይችላል። ድምፁን መጀመሪያ የሚሰማው የአቪዬሽን ሐኪሙ መሆን የለበትም። ኤኮ ሕመም የለውም፣ ጨረር የለውም፤ ቀላል የቫልቭ ፍሳሽ ሆኖ ከተገኘ በጥሩ ሪፖርት የተደገፈ ተራ ነገር ሊሆን ይችላል። ሳይታወቅ ተሰምቶ ሲላክ ግን የወራት ደብዳቤ ነው።

ተቃዋሚዎቼ የያዙት ጠንካራ ማስረጃ ቤዚክሜድ ነው፦ ኤፍኤኤ ራሱ ለኮንግረስ ባቀረበው ጥናት በቤዚክሜድና በሦስተኛ ደረጃ ሜዲካል በሚበሩት መካከል የአደጋ ልዩነት አላገኘም። «ስለዚህ ምርመራ ከንቱ ነው» ይላሉ። ጥናቱ ያሳየው ግን ከኦክላሆማ ይልቅ የገዛ ሐኪም ቢመረምር አደጋ እንደማይጨምር ነው። ቤዚክሜድ ሐኪምን አላስቀረም፤ ሰውን የሚያውቀው ሐኪም ዘንድ አመጣው። ያም ሐኪም ሊረዳ የሚችለው የተነገረውን ያህል ነው።

ኤፍኤኤን ንጹሕ አላደርገውም። ደብዳቤው ዘገምተኛ ነው፣ ቋንቋው የሰው አይመስልም፣ የሚጠይቀውን ምርመራ የጤና መድን ብዙ ጊዜ «ለሕክምና አያስፈልግም» ብሎ አይከፍልም። ፍርሃቱን የወለደው ይህ ነው። ነገር ግን የአውሮፕላን ባለቤቶችና አብራሪዎች ማኅበር እና የሙከራ አውሮፕላን ማኅበር በ2012 በግልጽ አቤት ብለው፣ ኮንግረስ ድረስ ሄደው፣ በ2016 ሕግ አስወጥተው ነው ቤዚክሜድ የመጣው። በሹክሹክታ የተለወጠ አንድ አንቀጽ ማን ሊያሳየኝ ይችላል?

ከጎን ስለሚቀመጠው ሰው ደግሞ ምክሩ ምንም አይልም። በግንቦት 2022 ፍሎሪዳ ላይ የአንዲት ሴስና አብራሪ ዋናው የደም ሥሩ ተሰንጥቆ በአየር ላይ ራሱን ሳተ፤ በረራ ተምሮ የማያውቅ መንገደኛ መሪውን ይዞ፣ የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪ በሬዲዮ እየመራው በሰላም አሳረፈ። ዓለም አጨበጨበ። እንዲህ ያለው ዕድል ሁለተኛ ቀን ይመጣል ብሎ ሚስትና ልጅ አሳፍሮ የሚነሣ ሰው ካለ ከእሱ ጋር አልከራከርም።

የበረራ አስተማሪዎች ከዚህ ሁሉ ድርሻ አለባቸው። ተማሪው ለሜዲካል የሚሄደው አብዛኛውን ጊዜ ለብቻው ሊበር ሲቃረብ ነው፤ በዚያን ጊዜ ብዙ ሺህ ዶላር ፈሷል፣ ፍርሃቱም ከገንዘቡ ጋር አድጓል። በመጀመሪያው ቀን፣ ገና የአውሮፕላኑ በር ሳይከፈት፣ ሊነገረው የሚገባው ይህ ነው፦ የግል ሐኪምህ ዘንድ ሂድ፣ ዕድሜህንና ቤተሰብህን ንገረው፣ ምን መመርመር እንዳለብህ እሱ ይወስን። ከዚያ የአቪዬሽን ሐኪሙን ለምክር ብቻ ቀጠሮ ያዝና ወረቀቶችህን አሳየው፤ የማረጋገጫ ቁጥሩን ግን ገና አትስጠው። ሜድኤክስፕረስ ላይ የሞላኸው ቅጽ ሐኪም በ60 ቀን ውስጥ ካልከፈተው ራሱ ይጠፋል።